የታዙኤ ቀዝቃዛ ገንዳ

ታዙኤ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። የሰፈራችን መታጠቢያ ቤት የእሷና የባሏ የጊሳኩ ነበር፤ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ ገንዳውን አፍስሳ እስኪያብለጨልጭ ትፈትጋለች፣ በማግስቱ እንደገና ትሞላለች። እኔ ሺጌኖ ደግሞ ከጎኗ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ አረጋለሁ፤ እሷ በሙቅ ውሃ፣ እኔ በቀዝቃዛ።

ጊሳኩ ሞተ፣ መታጠቢያ ቤቱም ሊፈርስ ተሸጠ። ጓሮ ካለው የድንጋይ ገንዳ ሁለት ኢሞሪዎቹን አወጣን። እንሽላሊት የሚመስሉ፣ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው እንደ በርበሬ የቀላ የውሃ ፍጥረቶች ናቸው። ጊሳኩ ከደንበኛ ይልቅ እነሱን ነበር የሚያጫውተው። ኦሳካ ከተማ ያለው ልጇ ኬንሳኩ የወቅቱ ዝናብ ሲያባራ መጥቶ ሊወስዳት ነው፤ ምራቷ ግን ተሳቢ ነገር ደጇን አታስረግጥም። ታዙኤ አሁን ከገባችበት ኪራይ ቤት ሆና ቁርጡን ነገረችኝ።

"እነዚህ ከሞቱ ምን ቀረኝ? እሄድለታለሁ። ከኖሩ ግን ንቅንቅ አልልም።"

እሷ ከሄደች ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?

ሰፊ የመስታወት ገንዳ ገዛች። አሸዋ አነጠፍን፣ ከሩዝ ማሳው ቦይ ያመጣነውን የውሃ ተክል ተከልን፣ መውጫ ድንጋይ አስገባን፣ እንዳያመልጡ ከደንን። ቬንትሌተርም ወደ ውሃው አዞረች። ውሃው ትንሽ ሞቅ ካለ በረዶ የያዘ ጠርሙስ ትነክርበታለች። ያቺ የእሳት ሴትዮ ቅዝቃዜ ስትጠብቅ ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ግን ኢሞሪዎቹ መብላት አቆሙ። መስታወቱን እየቧጠጡ ሽቅብ ይወጣሉ። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ተክሉ ለምለም፤ ታዲያ ምን ጎደላቸው? ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ድንገት ብገባ፣ ሴትዮዋ ገንዳውን ገልብጣ አሸዋውን ትፈትጋለች፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ታጥባለች! ለካ በየምሽቱ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

"ደንበኛ መሰሉሽ እንዴ? ውሃ አርፎ ካልከረመ አያኖርም። አፈር ስሆን፣ እጅሽን ሰብስቢ!" አልኳት።

ተቀየመችኝ፣ ቶፉም ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረች። ቢሆንም ማጠቡን ተወችው። መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ፤ እጇን እየበላት ቁጭ ብላ አየችው። ኢሞሪዎቹም ወረዱ፣ ትልም ከእጇ ተቀብለው በሉ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ኩርፊያዋን ረስታ መጣች። ቅጠሉን በሽታ መትቶታል፣ ተጨማዷል፣ ቆርጬ ልጣለው አለች። ሄጄ ተጎንብሼ አየሁ። ሴቷ ኢሞሪ በኋላ እግሮቿ አንዱን ቅጠል ይዛ ቀስ ብላ ታጥፈዋለች። ስትለቀው በእጥፋቱ ውስጥ እንደ ዶቃ የጠራ እንቁላል ታየ። በሽታ የመሰላት ይሄ ነበር። ወላጆቹ እንቁላሉን እንደሚበሉት ስለምናውቅ ቅጠሎቹን በጥንቃቄ ወደ ሌላ ውሃ አዛወርን።

ኬንሳኩ መኪና ይዞ መጣ። የመንገዱን ላብ ልታጠብ ብሎ የኪራይ ቤቱን መታጠቢያ ክፍል ከፈተ፤ የገላ መታጠቢያው ገንዳ በቀዝቃዛ ውሃና በታጠፉ ቅጠሎች ተሞልቷል።

"እማዬ፣ አንቺስ የት ነው የምትታጠቢው?"

"ሺጌኖ ቤት" አለችው። "ለእኔ መታጠቢያ አይጠፋም። እነሱ ግን ሌላ ቦታ የላቸውም።"

ልጁ ተንበርክኮ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቼ እንደሚፈለፈሉ ጠየቀኝ። ማታውን እኔ ቤት ታጠበ፣ በማግስቱ መኪናውን ባዶ ይዞ ወደ ኦሳካ ተመለሰ፤ እኔም ቶፉዬ ላይ የደስታ እንባዬን አፈሰስኩ።