የመጀመሪያው ወንበሬ ሲታጠፍ

የመጀመሪያ ወንበሬን በኮምፒውተር ነድፌ በጨረስኩበት ቀን አርባ ጊዜ ያህል አጥፌ ዘርግቼዋለሁ። በእርግጥ አልቆጠርኩም፤ የተውኩት ጣቴ ሲደክመኝ ነው። ማውሱን ጫን ስል እግሮቹ ተጠጋግተው ይሰበሰባሉ፣ መቀመጫው ቀና ብሎ መደገፊያው ላይ ይለጠፋል። ስለቅቀው ደግሞ ተዘርግቶ ቀጥ ይላል። አዙሬ ከላይ አየሁት፣ ገልብጬ ከሥሩ አየሁት፣ መሃል ለመሃል ቆርጬ ሆዱን ሳይቀር አየሁት። ከማዞሬ ብዛት እኔንም አዞረኝ። ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ይታጠፋል አልኳት። እንዲታጠፍ አይደል እንዴ ያዘዝኩሽ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሪያድ፣ መንፉሐ ውስጥ ነው። አባትና እናቴ የወሎ ሰዎች ናቸው። ከጓደኞቼ ጋር የማወራው በዓረብኛ ነው፤ የምቆጥረውም የምናደደውም በዓረብኛ ነው። አማርኛዬ የቤት ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ሲሆን፣ እሱ ባዲዓ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት በሚሠራ ሱቅ ነው የሚሠራው። ከሥራ ሲመለስ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ይዞልኝ ይመጣና በማርከር ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ ይጽፍልኝ ነበር። ሌላው ልጅ በደብተር የተማረውን እኔ ጠርዙ ጣት በሚቆርጥ ብረት ላይ ተማርኩት። ንድፍ ለመማር ስነሳ እናቴ ብትገረምም አባቴ ግን ምንም አልደነቀውም።

ቴክኒክ ተቋም ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ ከዚያ ለጥቂት ወራት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ በመጨረሻ ይቺ አለቃዬ ቀጠረችኝ። ከእኔ እምብዛም የማትበልጥ የሳዑዲ መሐንዲስ ናት። ሁለት ክፍል ተከራይታ፣ ሰው በየቀኑ የሚገለገልባቸውን ትንንሽ ዕቃዎች እያሰበች ትነድፋለች፤ ናሙና አሠርታ ትሞክርና ለፋብሪካ ታስረክባለች። የመጀመሪያ ሥራዬ ብላ የሰጠችኝ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንቶች የሚሆን የሶላት ወንበር ነበር። ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት መስጊድ ሊሄድ ይገባል፤ እዚያ ሲደርስ ያለ ትግል ሊዘረጋው፣ ሲጨርስ ያለ ትግል ሊያጥፈው ይገባል። ያ ብቻ ነው አለችኝ።

ንድፉን በወረቀት ሳወጣው በስተቀኝ ግርጌ ካለችው ትንሽ ሠንጠረዥ ውስጥ «የነደፈው» በሚለው ሳጥን ስሜን አየሁት። በሕይወቴ ስሜ ታትሞ ያየሁት በመኖሪያ ፈቃዴ በኢቃማዬና በትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ብቻ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት። ከመጋዝ ጩኸት መሃል በድምፅ መልስ ላከልኝ፤ ያ ሁሉ መስመር የአንድ ወንበር ነው ወይስ የቤት ነው ይላል።

ኩራቱ ግን ጉድ ሠራኝ። በዓለም ላይ ልክ አሥር ሚሊሜትር ሆኖ የሚሠራ ነገር የለም። ማሽኑ ይሞቃል፣ መቁረጫው ይዶለድማል፣ ሠራተኛውም ያዛጋል። ስለዚህ ንድፍ ላይ ከእያንዳንዱ ልክ አጠገብ ይህን ያህል ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ግድ የለም ብለን እንጽፋለን። በዓረብኛ ተፋውት እንለዋለን። እኔ ታዲያ የመጀመሪያ ወንበሬ ነውና ስህተት የሚባል ነገር እንዲጠጋው አልፈለግኩም። ከላይ እስከ ታች፣ በእያንዳንዱ ልክ ላይ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብቻ ፈቀድኩ።

ናሙና የሚሠሩልን ሰናዒያ፣ ማለትም የጋራዥና የፋብሪካው ሰፈር ያሉ ሽማግሌ የፓኪስታን ቶርኖ ባለሙያ ናቸው። ሁላችንም ሙዐሊም፣ መምህር እንደማለት፣ እንላቸዋለን። ንድፉ በደረሳቸው ማግስት ጠዋት ደወሉ። አለቃዬ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ ከፈተችው። ይህን ንድፍ ማን እንደሠራው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ ብረቱንስ እሺ እሞክረዋለሁ» አሉኝ በጣም በትሕትና። «የመቀመጫውን ጨርቅ ግን በምን ልለካው?»

ጨርቁ ላይም ጽፌዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ የሚሊሜትር መቶኛ። አለቃዬ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔ መጀመሪያ ፊቴ ጋለ፤ ከዚያ ሙዐሊም አልማዝ እንደሚመረምር ሰው ጨርቁን በካሊፐር፣ በዚያ የብረት መለኪያ፣ ይዘው ታዩኝና እኔም ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ ንድፍ ከሄድን አንድ ወንበር ለመሥራት የሰዓት ጠጋኝ መቅጠር እንደሚያስፈልግ አስረድተው ስልኩን ዘጉ።

በዚያው ቀን ንድፉን አስተካክዬ ላክሁት። ማስተካከል ስል ያው ሁሉንም ለቀቅሁት ማለቴ ነው። ሁሉም ልክ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ቢበልጥም ቢያንስም ግድ የለም ብዬ ጻፍኩ። ከአሁን በኋላ ማንም በእኔ አይስቅም አልኩ።

ናሙናው ሐሙስ ዕለት መጣ። ሲያምር! አለቃዬ ዘርግታ ሰዓቷን አወለቀችና በሥርዓት ተቀመጠችበት። ወንበሩ ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ አንደኛው እግሩ መሬት አልነካም። ወደ ቀኝ ስትመለስ ወደ ቀኝ ተከተላት። ሴትዮዋን ቁጭ አድርጎ እሹሩሩ ይላት ጀመር። እግሮቹ የሚታጠፉባቸው ፒኖች በሰፋፊ ቀዳዳዎቻቸው ውስጥ እየተንገጫገጩ ነው። ተነሺ ልላት ስል መያዣው ሾለከና ወንበሩ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል ተጣጠፈ፤ እሷንም ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት። አልተጎዳችም። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሶላት ላይ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ነክቶ ነበር አለች። ሁለታችንም በሳቅ ወለሉ ላይ ስለቀረን ለመነሳት ጊዜ ወሰደብን። ከዚያ ዕንባዋን ጠራረገችና እሑድ ጠዋት ሌላ ንድፍ እንደምትጠብቅ ነገረችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሩን አንጠልጥዬ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ባጥሐ ፌርማታ አውቶቡስ ስጠብቅ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እግሬም ደክሟል። በእጄ ወንበር አለ። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ ዘርግቼ ተቀመጥኩበት። ያው ነው፤ እኔንም እንደ አለቃዬ በክብር መሬት አወረደኝ። አጠገቤ የቆመች የአገሬ ልጅ እጄን ይዛ አነሳችኝና፣ እህቴ፣ ይሄን የሸጠልሽን ሰው ፈልጊና መልሺለት ብላ መከረችኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ ስላት ያመነችኝ አይመስለኝም። አውቶቡሱ ባዲዓ እስኪደርስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየሁ ለብቻዬ እየሳቅኩ ሄድኩ።

አባቴ ተንሸራታች መስኮት ወደ ፍሬሙ እያስገባ ነበር። ያዥልኝ ሲለኝ ያዝኩለት። ወንበሩን አሳየሁት፣ የሆነውንም ሁሉ ነገርኩት። ተፋውት የሚለውን በአማርኛ ምን እንደምለው ጨነቀኝና መቻቻል አልኩት። እሱ የሚያውቀው መቻቻል ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው የሚኖሩበት ነው፤ ብረት ከብረት ሲቻቻል ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ተንበርክኮ ወንበሩን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘው፣ ፒኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካቸው።

«ይሄ ወንበር ሥራው ያለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

የማጠፊያው ፒን ያለበትን ቦታ አሳየሁት።

«እንግዲያ እዚያ ጋ ድርቅ በይ። ሌላው ላይ ለቀቅ አድርጊ፣ ማንም አይታዘብሽም።»

ከዚያ የራሱን መስኮት አሳየኝ። ከታች ጎማዎቹ በሚሄዱበት ሐዲድ ላይ ምንም አይቀልድም፤ ቀጭን ወረቀት እንኳ ትርፍ አይሰጥም። በጎን በኩል ግን ትንሽ ጣት የምታህል ክፍተት ትቷል። የሪያድ በጋ አሉሚኒየሙን ሲያሳብጠው መሄጃ ያስፈልገዋል፤ ክፍተቱን ደግሞ ላስቲክ ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም። በረጅሙ ብረት ላይ የቀዳዳዎቹን ቦታ ምልክት ሲያደርግም አየሁት። ሜትሩን ጫፉ ላይ አስሮ ሁሉንም ምልክት ከዚያው ከአንድ ጫፍ ይለካል እንጂ እንደ እኔ ከአንዱ ቀዳዳ ወደሚቀጥለው እየተሻገረ አይለካም። እንደዚያ ከሆነ ትንሿ ስህተት እየተደመረች ሄዳ መጨረሻ ላይ ትልቅ ትሆናለች። የወንበሬ አንድ እግር ለምን እንዳጠረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ደስታው እንዴት እንዳደረገኝ መናገር ይቸግረኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በትልልቅ መጽሐፍ የተማርኩትን አባቴ በማርከርና በሜትር ሲሠራው ኖሯል። ቦርሳዬ ውስጥ ከነበረው ወረቀት ጀርባ ላይ የንድፍ ምልክቶቹን እየሣልኩ አንድ በአንድ ነገርኩት። ይቺ ቀጥ ያለ ማለት ናት፣ ይቺ ክብ፣ ይቺ ደግሞ ሁሉም ነገር የሚለካበት መነሻ። መነሻዋን ስነግረው ብረቱን ጫፉ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገና፣ ይቺ ስም ይኖራታል ብሎ አስቦ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሁለታችንም እየተሳሳቅን ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ መስኮቱን ረሳነው።

እሑድ ንድፉን ከባዶ ጀመርኩ። ፒኑ ከአሥር ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ ቀዳዳው ከአሥር እንዳያንስ አደረግኩ፤ በመካከላቸው ፀጉር ብቻ የምታልፍበት ክፍተት ተውኩ። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከአንድ ጠርዝ ለካኋቸው። መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ ማንጠልጠያው አንድ ሚሊሜትር ቢበልጥም ቢያንስም ማንንም ግድ አይለውም። ጨርቁ ላይ ደግሞ ምንም አልጻፍኩም። ሙዐሊም ተቀብለው ሲያዩት ይህን የሠራችው ያቺው ልጅ ናት ወይ ብለው አለቃዬን ጠየቋት። ያቺው ናት አለቻቸው። ማሻአላህ ብለው ወዲያው ጀመሩት።

ሁለተኛው ናሙና ሲመጣ አለቃዬ መጀመሪያ እኔ እንድቀመጥ ጋበዘችኝ። ተቀመጥኩ። ንቅንቅ የለም። ተነስቼ አጠፍኩት፤ ጠቅ ብሎ ተሰበሰበ። ዘረጋሁት፤ ጠቅ። እንደገና አጠፍኩት። እሷ መጥታ ቀማችኝና እሷም አጠፈችው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሥራ አልሠራንም ብል አልዋሸሁም። እስከ ማግስቱ ጠዋት ቤት ወስጄ እውነተኛ ሰው ላይ እንድሞክረው ተስማማን።

እውነተኛው ሰው መንፉሐ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ሊሄዱ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸውና ወንበሩን ሰጠኋቸው። አንዴ አሳየኋቸው። እሳቸው ራሳቸው ዘረጉት፣ አጠፉት፣ ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት መልሰው ዘረጉት። እንደ እኔው ድምፁ ጥሟቸዋል። አንጠልጥለውት ከአባቴ ጋር ወጡ።

ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሲመለስ እኔ በራችን ላይ ቆሜያለሁ። አባባ መጡ፤ ወንበሩ ግን እጃቸው ላይ የለም። ጥለውት መጡ አልኩ። ከኋላቸው አባቴ ሳቁን አፍኖ ይከተላል፣ ከአባቴ ኋላ ደግሞ አራት ሽማግሌዎች ወንበሩን እየተቀባበሉ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው ሞክረውታል። ማጠፊያው ላይ ምንም ነቀፌታ የላቸውም፤ ፒኑን አወደሱት ማለት ይቻላል። ግን አንድ ነገር አለ አሉኝ አባባ።

«ልጄ፣ ወንበርሽ ግሩም ነው። ዝቅ ግን ይላል፤ መቀመጡን ተቀመጥን፣ መነሣቱ ነው ያስቸገረን።»

ለፒኑ የሚሊሜትር መቶኛ ስቆጥር የሰነበትኩት ሴትዮ የሰው ጉልበት ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ማንንም አልጠየቅኩም ነበር። የወንበሩን ከፍታ የወሰድኩት ከራሴ ጉልበት ነው፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ማፈር ይገባኝ ነበር፤ ሳቄ ግን ቀደመኝ፣ ሽማግሌዎቹም አብረውኝ ሳቁ። አባቴ ከወገቡ ሜትሩን መዞ ወረወረልኝ። እዚያው በራችን ላይ አምስቱንም አሰለፍኳቸው። ተራ በተራ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከጉልበታቸው እስከ ጫማቸው እለካለሁ፣ አባቴ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ እኔ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንዱ ሽማግሌ ጫማ ወልቆ ካልተለካ አይቆጠርም ብለው ድጋሚ ተለኩ። ሌላው በመንገድ የሚያልፍ ጓደኛቸውን ጠርተው አንተም ና ተለካ አሉት። መዳፌ ሲሞላ ክንዴ ላይ ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እጄን ሳልታጠብ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ክንዴን ይዛ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው፣ ወረቀት ላይ ገለበጠቻቸውና እግሮቹ ላይ ሦስት ቀዳዳ እንድጨምር ነገረችኝ፤ ሰው እንደ ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግባቸው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አዲሶቹን ቀዳዳዎች ከአንዱ ጠርዝ መለካት ጀመርኩ።