«አባትህ ደህና ናቸው»

ዛሬ ጠዋት የካ አባዶ ባለው የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት መጣ። ሰላምታ አቀረበ፤ ፈጣሪን አመሰገነ፤ አበባ በተነ፤ «የተከበራችሁ» እያለ ካሞገሰን በኋላ መጨረሻው ላይ ውሃ ሊጠፋ እንደሆነ ነገረን። እዚያ መስመር ላይ የደረስኩት ቧንቧው ካስነጠሰ በኋላ ነው፤ ፊቴ በሳሙና እንደተለሰነ። እኔን ያናደደኝ ግን ውሃው አይደለም። ንዴቴ የቆየ ነው።

ወጣት ሳለን፣ ወሰን ሰፈር ስንኖር፣ ጎረቤታችን ጋሽ ደሳለኝ በሰኔ ዝናብ አልጋ ያዙ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት መለሷቸው። እሳቸው የጠየቁት አርባ ምንጭ የሚማረውን ልጃቸውን፣ ጓደኛዬን ታምራትን፣ ማየት ብቻ ነበር። ሞባይል ያኔ የሀብታም ጌጥ ስለነበር ከታምራት ጋር የምንጻጻፈው በኢሜይል ነው። ከሰፈራችን ጋራዥ ጎን ያለችው ኢንተርኔት ቤት አንድ ገጽ እስክትከፍት ሰው ተወልዶ ክርስትና ይነሣ ነበር።

«አባትህ በጠና ታመዋል። ሊያዩህ ይፈልጋሉ። ዛሬውኑ ተነስ» ብዬ ጻፍኩ። የበሽተኛው ወንድም ጋሽ ወንድሙ ግን ጃንጥላቸውን ይዘው ከጀርባዬ ቆመዋል። እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም፤ በሰበብ ይጠራና ሰው መሀል ተቀምጦ ይረዳል።

«አጥፋው» አሉኝ። «ልጁን ልትገድለው ነው?»

«ካልነገርነው እንዴት ይመጣል፣ ጋሽ ወንድሙ?»

«በዘዴ ነዋ። አባትህ ደህና ናቸው፣ ትንሽ ጉንፋን ነክቷቸዋል፣ ሲመችህ ብቅ በል፣ በለው። አሳዳጊ የበደለህ።»

ከዚያ ሰላምታው ተከተለ። አያት፣ አክስት፣ የንስሐ አባት፤ የጎረቤት ላም ሳትቀር ሰላም አለችው። አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ስለምንጽፈው ማንበቡ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «ቶሎ» የምትል ቃል ሸጎጥ ባደርግ ዐይናቸው ገባች፤ አስጠፉኝ።

ታምራት ፈተናውን ጨርሶ እንደሚመጣ መለሰ። ጋሽ ወንድሙ «አያችሁ፣ አልደነገጠም» ብለው ኮሩ። እኔ ተደብቄ ሌላ ልልክ ብሄድ ዝናቡ መስመሩን ቆርጦታል። ጋሽ ደሳለኝ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገታቸውን ቀና እያደረጉ ሰነበቱና ዐረፉ።

እንጦጦ ማርያም ቀብረን፣ ባሕር ዛፉ እያንጠባጠበብን ስንወርድ፣ ታምራትን ዳገቱን ሲወጣ አገኘነው። ሰፈር ያገኘው ሰው ሁሉ «እንጦጦ ናቸው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። ለአባቱ ያመጣውን የሙዝ ዘለላ ታቅፏል። ነጠላ ያዘቀዘቀውን ሕዝብ አየና ቆመ።

«ደህና ናቸው ብላችሁኝ ነበር» አለ።

«እንዳትደነግጥ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

ያን ጃንጥላ ነጥቄ ገደል ልሰደው ቃጣኝ። ዛሬም ይቃጣኛል።

ጋሽ ወንድሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያበግነኛል። እኔ እንኳ ዛሬ መልእክት ልጽፍ ስልኬን ሳነሣ፣ ይህ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው ብዬ አስባለሁ። እሱን ከላይ እጽፋለሁ፤ ሰላምታው ከታች ይድረስ። ባለጌ የሚለኝ ይበለኝ።

ታምራት አሁን የልጆች አባት ነው። ከቤቱ «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ ሥራውን ጥሎ ይደውላል።