ሽንኩርት የማያወጣው ሰማያዊ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራ ሰው፣ የሽንኩርት ልጣጭ ቢፈላ ቢንተከተክ ሰማያዊ እንደማያወጣ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ቃሊቲ መጋዘን ተከራይታ «የተፈጥሮ ቀለም» የሚል ባነር የሰቀለችው ወጣት ዲዛይነር ስትቀጥረኝ ግን አፌን ዘጋሁ።

ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሽንኩርት ልጣጭና እርድ በትልልቅ ድስት ሲፈላ ይውላል። እንግዳ ሲመጣ እሷ ማማሰያ ትይዝና ስለ ምድራችንና ስለ ውኃችን ግማሹን በእንግሊዝኛ ትሰብካለች። ከዚያ ድስት ወጥቶ የተሸጠ አንድም ሻርፕ የለም። የሚሸጠውን የማቀልመው እኔ ነኝ፤ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጀርባ፣ ከመርካቶ በሚመጣ የኬሚካል ቀለም ዱቄት። እጣቢውን ከመጋዘኑ ጀርባ በሚያልፈው ቦይ ውስጥ እደፋዋለሁ።

አንድ ጠዋት ከቦሌ የቡቲክ ባለቤቶች መጡ። አንዷ ሰማያዊውን ሻርፕ አንስታ፣ «ይሄ ከምንድን ነው?» አለች።

«ከአገር በቀል ቅጠል» አለቻት ዲዛይነሯ። ለቅጠሉ ስም እንኳ ለመፍጠር አልደከመችም። «አይደል፣ ጋሼ?» ስትለኝ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ይህን ጊዜ ከቦዩ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ ገቡ። ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ናቸው። የበጉ አፍና አገጭ ሰማያዊ ሆኗል።

«ከቦዩ ጠጥቶ ነው» አሉ። «ከበር ላይ ሰማሁ፤ እስቲ ቅጠሉን ለእኔም አሳዩኝ።»

«ጋሼ፣ አስወጣቸው!» አለች ዲዛይነሯ።

«አባቴ፣ ቅጠል የለም» አልኳቸው። «ዱቄት ነው። የምደፋውም እኔ ነኝ።»

ገዢዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በጉን በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ከዚያ ሻርፑ ሲታጠብ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ጠየቀች። እንደማይለቅ ሲነገራት አዘዘች። ተፈጥሮን የሚታደጉልን እንግዲህ እነዚህ ናቸው!

ጋዋኔን አውልቄ ጥዬ ሽማግሌውን ተከትዬ ወጣሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትደፋው?» አሉኝ።

«ስምንት ወር ሆነኝ።»

«ምን እንደሆነ እያወቅህ?»

«አዎ።»

«እሷስ ልጅ ናት» አሉና በጉን እየሳቡ ሄዱ።

ባነሩ ዛሬም አልወረደም። እኔ ቂሊንጦ ሌላ ፋብሪካ ገብቻለሁ፤ እዚያ ዱቄቱን ዱቄት ይሉታል። በጉ እህል ውኃ ሳይል ሳምንት ሳይሞላው መሞቱን ከጎረቤታቸው ሰማሁ። ካሳ ይዤ ብሄድ በሩን ሳይከፍቱ፣ «ሂድ፣ እያወቅህ ዝም ላልካት ልጅ ስጣት» አሉኝ።