የደከመ ድንጋይ

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ አንድ ደብዳቤ አልጻፈልንም። ድሮም መጻፍ ጠላቱ ነው። በዓመቱ፣ ቆስሎ ለሕክምና ጎንደር የመጣ ጓደኛው ካሴት ይዞልን መጣ። ወንድሜ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ቀድቶበታል።

እኔ ታዲያ ደስ ብሎኝ አራዳ ሮጥኩና አራት ትልልቅ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ቴፓችን ውስጥ ከተትኩ። ወንድሜ እንደ ጫጩት ጮኸ! "እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ" የሚለው የአምስት ዓመት ልጅ ነው። በሳቅ ፈረስኩ። እናቴ ግን "ምነው፣ ልጄን ምን አደረጉት?" ብላ ብድግ አለች።

"ሲቀዳ ድንጋዩ ደክሞ ቴፑ ይንቀረፈፍ ነበር" አለን ጓደኛው። "የእናንተም ድንጋይ እንደዚያው ካልደከመ የራሱ ድምፅ አይመጣም።"

የቴፑን ሬዲዮ ከፍተን ድንጋዩን አደከምነው። አንድ እሑድ ድምፁ ልክ እሱን ሆነ፤ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ ድንጋዮቹን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ፀሐይ እያሞቅን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻ እንሰማው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ።

መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፁን። አዲስ ድንጋይ ከተትኩ። ያው ጫጩት። ያን ቀን የሳቅኩት ሳቅ አንጀቴን በላው።

ሐዘን ቤት ሬዲዮ መክፈት ነውር ነው። እኔ ከፈትኩት። ጓዳ ገብቼ፣ በጋቢ ሸፍኜ፣ ዜናውንም ማርሹንም ከጠዋት እስከ ማታ አስለፈለፍኩት። አክስቴ ሰምታ መጣችብኝ።

"አንቺ! እንባችን ሳይደርቅ ዘፈን? አበድሽ እንዴ?"

"አዎ፣ አብጃለሁ!" አልኳት።

እናቴ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ላይ ሆና "ተያት እህቴ" አለቻት። "ልጄን እያሳደገችልኝ ነው።"

በአራተኛው ቀን ድምፁ ልክ እሱን ሆነ። "እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።" እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ካሴቱን ወደ ኋላ እያስመለሰችኝ ደግማ ሰማችው፤ አሥሬ፣ ሃያ ጊዜ። ድንጋዩ ደከመ። ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። ወንድሜ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ለነገ ይተርፋት ብዬ ላጠፋው እጄን ስሰድ እናቴ ያዘችኝ።

"ተዪው" አለችኝ። "ይሸምግልልኝ።"