በተልባ ውሃ ላይ የተሠራው ሻሽ

ባለቤቴ የእጅ ሥራ መምህር ነበር። አንድ ክረምት ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ፣ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቀለም ጨርቅ ማስጌጥ ተምሮ መጣ። ከዚያ በኋላ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር።

ቀለሙ ተራ የበር ቀለም ነው፤ በነጭ ጋዝ እናቀጥነዋለን። ያስቸገረው ውሃው ነበር። በባዶ ውሃ ላይ ቀለሙ ይሸሻል እንጂ ቅርጽ አይዝም። ውሃውን የሚያወፍር ነገር ሲፈልግ ከርሞ፣ አንድ ቀን ተልባ ቀቅዬ ሳጠልል አየኝ። ጣቱን ነከረና ሲያዝለገልግ ተመለከተ። "አገኘሁት!" አለ።

ከዚያ ወዲያ ተልባችን ከቆርቆሮ ባሠራው ዝርግ ትሪ ውስጥ ይፈስ ጀመር። ቀለሙን በስንጥር ጠብ ጠብ ያደርግና በሚዶ ይጎትተዋል። ከዚያ ጨርቁን ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘን፣ መሀሉን አስቀድመን ውሃው ላይ እናሳርፋለን። ለብቻ የሚሠራ አይደለም። አንዳችን ከቸኮልን ከሥር አየር ይገባና ያ ቦታ ቀለም ሳይነካው ይቀራል። እሱ ግን አይቆጣም። "ውሃው ተነፈሰ" ይላል።

ታላቅ እህቱ ከአምበር በመጡ ቁጥር ይገረማሉ።

"የጾም ተልባ ለጨርቅ ታጠጣላችሁ? ኧረ እግዜርን ፍሩ!"

"ጨርቁም ጾመኛ ነው፣ እትዬ" ይላቸዋል።

የመጨረሻውን በሁዳዴ ሠራን። ለፋሲካ የማስረው ሻሽ ነበር፤ በነጭ ላይ ሰማያዊ። አንድም ቦታ ውሃው አልተነፈሰበትም። ያ ቅርጽ አንዴ ከውሃው ከተነሣ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም፤ ሁለተኛ እንሥራው ቢሉ ሌላ ነው የሚወጣው። አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ባስቀመጥሁት በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ታመመ። በሳምንቱ ቀበርነው።

ከቀብሩ ማግስት ጎረቤቶቼ ግቢ ውስጥ ጥቁር ቀለም አፈሉ። ልብሴን ከሣጥን እያወጡ ይነክራሉ። እህቱ አንድ እቅፍ ይዘው መጡና "ይህም ይግባ?" አሉኝ። ቀና ብዬ አላየሁም።

"ሁሉም ይግባ" አልሁ።

ሻሹ እቅፋቸው ውስጥ ነበር። ገመድ ላይ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። ለማንም አልተናገርሁም። ባል የሞተባት ሴት ስለ ሻሽ ታለቅሳለች? ዓመቱን ሙሉ አስሬው ዞርሁ። ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ ምንም አይታይም።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ማቄን ባወለቅሁ ማግስት፣ እህቱ ጥቁሩን ሁሉ ለነዳያን ሊሰጡ ሰበሰቡ። ሻሹን ያዝሁት።

"ይቺ ትቅር፣ እትዬ።"

"ማቅ ቤት ውስጥ አይከርምም፤ ሌላ ሞት ይጠራል። ደግሞ ይቺ ጨርቅ ምን ታደርግልሻለች?"

የመጨረሻ ሥራው መሆኗን ነገርኋቸው። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ የነከርኋት" አሉ።

"ይግባ ያልሁት እኔ ነኝ።"

ሻሹን አገላበጡ። ከዚያ "ጥቁር ብቻ ካልሆነች እኮ ማቅ አይደለችም" አሉ። "ያ ትሪ የት ገባ?"

ለጾሙ ከአምበር ያመጡትን ተልባ ራሳቸው ቀቀሉ። ከቀለሞቹ ያልደረቀው ነጩ ብቻ ነበር። ጠብ ጠብ አደረግሁና ጥርሱ በወላለቀው ሚዶ ጎተትሁ። የእሱን የእጅ አካሄድ የማውቀው መስሎኝ ነበር። አላውቀውም። ሁለቱን ጫፍ ለእሳቸው ሰጠሁ።

"መሀሉ ይቅደም፤ ቀስ ይበሉ።"

"ቀስ ይበሉ ትለኛለች፣ እንደ እሷ የለመድሁ ይመስል!" አሉና ቸኩለው ለቀቁት።

ስናነሣው ነጩ በጥቁሩ ላይ እንደ ክር ተስሎ ወጣ። መሀሉ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ጥቁር እንደሆነች ቀርታለች።

"አበላሸሁብሽ" አሉ። "ደግሜ አበላሸሁብሽ።"

"ውሃው ተነፈሰ" አልኋቸው። እሳቸውም ባለቤቴ ሲናገረው ይሰሙ ነበርና ገባቸው፤ ጫፉን እንደያዙ አለቀሱ።

ሻሹ አሁን ሣጥኔ ውስጥ ነው። አላስረውም። አንዳንዴ አወጣውና ያቺን ጥቁር ቦታ በመዳፌ እሸፍናታለሁ። እሱ የጎተተው ሰማያዊ ከሥሯ አለ።