ከኮቦ ወሬ ያለው ሰው

ግራና ቀኙ የተበሳሳ የኮምፒውተር ወረቀት ጠርዙ ሲቀደድ የሚያሰማው ጠጠጠ የሚል ድምፅ ዛሬም እጄን ያስቆመዋል።

ኮቦ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደብዳቤ በመንግሥት ሰዎች ተከፍቶ የሚነበብበት የጦርነት ዘመን ስለነበር፣ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ እንዲህ ያለ ወረቀት በሰው እጅ ላከልን። ቀለም ቀለም ይሸታል። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ከሩቅ ኮምፒውተሮች ጋር ተያይዟል፤ በእሱ ላይ የጻፈውን የማያውቃቸው ሰዎች አንብበው ይመልሱለታል፤ ወረቀቱ የዚያ ምልልስ ግልባጭ ነው። «ከኮቦ ወሬ ያለው ሰው አለ?» ብሎ ጠይቋል። አንዱ፣ «ዝናብ ቀርቶ ከተማው ባዶ ሆኗል» ብሎ መልሷል። ወንድሜ ከወረቀቱ ዳር ላይ፣ «እውነት ከሆነ ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ» ብሎ በእጁ ጨምሯል። ከመጣ ለውትድርና ተይዞ ወደ ጦር ግንባር ነው።

«ባዶ?» አለ አባቴ። «እኛ ታዲያ ማነን?»

«ሰዎቹ የት ተሰብስበው ነው የሚያወሩት?» አለች እናቴ።

«እኔ እንጃ። በየአገራቸው ናቸው፤ አይተያዩም» አልኩ፤ እንግሊዝኛውን የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ።

«ሳይተያዩ? አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶብሻል!»

አባቴ ግን ከአፋር ግመለኞች ጋር ሲነግድ የኖረ ነው። «ይሄማ ዳጉ ነው» አለ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ መዋሸት ነውር ነው። «ለዚያም ሰውዬ ጻፊለት፤ ወሬው ይታረም።»

«ዘንቧል በይ! ልጄ እንዳይመጣብኝ» አለች እናቴ።

«በዳጉ አይዋሽም። ዝናቡ አልመጣም፤ እኛ ግን አልሐምዱሊላህ አለን፤ ትምህርትህን ጨርስ በይው።»

ማን እንደሚያነበው ሳይገባኝ አባቴ እንዳለኝ ጻፍኩ፤ ለወንድሜም በሰው እጅ ተላከ።

ከወራት በኋላ ሌላ የተበሳሳ ወረቀት መጣ። ወንድሜ ትምህርቱን አልተወም፤ የአባቴን ቃል ለሁሉም አስነብቧል። ከሥሩ ያ ሰው፣ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ። አባትህን ጠይቅልኝ፣ ዝናቡስ መጣ?» ብሏል።

አባቴን ከቀበርነው ሁለት ሳምንት ሆኖናል።

ብዕር ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ። «መርዶ በወረቀት አይላክም። ይጨርስና ይስማ።» ስለ ዝናቡ ብጽፍ፣ አባቴ ምን አለ መባሉ አይቀርም። ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ለማላውቃቸው ሰዎች ዜና ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያ ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ዘንቧል። በቀብሩ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ።