የስፌት መኪናዬን ይዤ ስብሰባ የሄድኩ ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ነው... ደርግ ሥልጣኑ ላይ፣ እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ።

ያኔ ናዝሬት ገበያው አጠገብ፣ ከጋሽ ሰይድ ጨርቅ ሱቅ ጎን፣ አንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት ነበረችኝ። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ከተማውን የለመዱ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ነጋዴ ናቸው። ጨርቁ ከእሳቸው፣ ስፌቱ ከእኔ... እንዲህ ተደጋግፈን ነበር የምንኖረው።

የዚያን ቀን በእጄ የነበረው የሌንሴ የሙሽራ ቀሚስ ነው። ሌንሴ የዝዋይ ልጅ ናት፤ ሠርጓ በማግስቱ እሑድ ነው። ከእናቷ ጋር በጠዋቱ አውቶብስ መጥታለች፤ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ይዛ መመለስ አለባት። አንዱ እጅጌና ጠርዙ ግን ገና ናቸው። ሰንፌ አይደለም... የሳምንቱን ጠዋት ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ በልቶብኝ ነው።

የስብሰባውን ነገር ያየ ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ተብለን እንጠራለን፣ አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ መቼ እንደሚያልቅ የጠራንም ሰው አያውቀውም። ባለሱቅስ ደህና፣ ቢዘጋም ስኳሩም ሳሙናውም ይጠብቀዋል። ልብስ ሰፊ ግን የሚሸጠው ሰዓቱን ነው... የሄደ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ አይገኝም።

ገና እጅጌውን ሳልጀምር የቀበሌው ለፋፊ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ መጣ። ነጋዴ ሁሉ አሁኑኑ ዘግቶ አዳራሽ ይግባ፣ የቀረ ሱቁ ይታሸጋል። የሌንሴ እናት ፊታቸው ተለዋወጠ። ሌንሴ ያላለቀውን ቀሚስ ታየዋለች። እሷን ሳያት ደሜ ፈላ።

መኪናዬ በእጅ የምትዞር ናት። አንስቼ የእንጨት ሳጥኗ ውስጥ ከተትኳትና፣ ቀሚሱን ለሌንሴና ለእናቷ አስይዤ ጋሪ ጠራሁ። ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን እየቆለፉ አዩኝ። የእኛ ቤት «ጴንጤዎች» እየተባለ ቀድሞውንም ዓይን ውስጥ የገባ መሆኑን ስለሚያውቁ ፈሩልኝ። ቀስ ብለው፣ ነገር አትፈልጊ፣ ቀን እስኪያልፍ ዝቅ በይ አሉኝ። እኔም፣ ስብሰባ እኮ ልሄድ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነው።

አዳራሹ ሞልቷል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ግን የለም። ከኋላ መስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ መኪናዬን አስቀመጥኩና እጅጌውን ያዝኩ። ሰው እየዞረ ያየኛል። የሌንሴ እናት አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ነጩ ጨርቅ መሬት እንዳይነካ ጉልበታቸው ላይ ይዘውልኛል። ሊቀመንበሩ ሲመጣ እጅጌው አልቆ ጠርዙን ጀምሬ ነበር... እሱ ባረፈደው ሰዓት ማለት ነው።

ንግግሩን ጀመረ። እኔም ቀጠልኩ። የመኪናዋ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እሱ አቆመ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው አንቺ?»

ብድግ አልኩ። ድምፄ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀጥ አለልኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጆሮዬ ከእርስዎ ጋር ነው። እጄ ግን የሰው ቀጠሮ አለበት።»

ከመሃል አንድ ሰው ሳቀ። የጎዳኝ ያ ሳቅ ነው። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። ስብሰባ ማወክ፣ አብዮቱን መናቅ እያለ ብዙ ቆጠረብኝና፣ እኔ አዳራሹን ለቅቄ እንድወጣ፣ ሱቄም እንዲታሸግ አዘዘ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ ሱቄ ሄዱ።

እኔ የአዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጠርዙን ጨረስኩት። ሌንሴ አውቶብሷ ላይ ደረሰች። እናቷ ሲሰናበቱኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በኦሮምኛ እያመሰገኑ «ገለቶሚ፣ ልጄ... በእኛ የተነሳ እንጀራሽን ዘጉብሽ» አሉኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

እሑድን በፍርሃት ዋልኩ። አባቴ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ ይለኛል። እኔ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ... ሱቁን ሲያሽጉት መኪናዬ ውስጥ አልነበረችም።

ሰኞ ጠዋት የታሸገው የሱቄ በር ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ ዓይኔን ይሞላዋል፤ ጨርቁን በድንጋይ እያስያዝኩ እሰፋለሁ። ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ እንዳላየ ሰው አለፉኝ። ቆየት ብለው ከሱቃቸው አግዳሚ ጎትተው አመጡልኝ።

ወሬው ዞሮ ኖሮ ሰው ይመጣ ጀመር። ሱሪ የሚያሳጥር፣ የተቀደደ የሚያስጠቅም... ግማሹ እኔን ለማየት ብቻ የመጣ ነው። ቀትር ላይ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ።

«ይኼ ቤት ታሽጓል። አታዪም እንዴ?»

«አያለሁ ጓድ። ሱቁ ታሽጓል፤ እኔ አልታሸግኩም።»

በዙሪያችን የቆመውን ሰው አየ። ሰውም እሱን አየው። ያን ጊዜ ሊያስወስደኝ ይችል ነበር፤ ከዚህ ባነሰ ነገር የተወሰደ ሰው አውቃለሁ። ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነገ ቀበሌ ቅረቢ ብሎኝ ሄደ።

ቀረብኩ። እንደ ልማዳቸው በር ላይ አስቀመጡኝ... እኔ ደግሞ ቁልፍ የሚተከልላቸው ሸሚዞች ይዤ ነበር። ሲያስገቡኝ አልቀዋል። ሊቀመንበሩ ሸሚዞቹን አየ፣ እኔን አየ፤ ተግሣጹንም አሳጠረው።

እሽጉ የተነሳልኝ ሳምንት ያህል በረንዳ ላይ ከሠራሁ በኋላ ነው። የቅዳሜ ጠዋት ስብሰባም ከዚያ ወዲህ አልተጠራም፤ ምክንያቱን የነገረን የለም፣ እኛም አልጠየቅንም።

በሌላው ቀን የሚጠራው ስብሰባ ማርፈዱን አልተወም... እኔ ግን እጄን አጣጥፌ ማንንም ጠብቄ አላውቅም።